ባርኔጣ ያደረጉት የዶሮ ቤቶች

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በእኛ አገር አይደለም። በእኛ አገር ሆኖ ቢሆን ኖሮማ ዝም እል ነበር።

አገሪቱ ስም ነበራት። ስሟን ለመጥራት ግን ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ሰዉ «አገራችን» እያለ ማለፍን ለመደ። ተራራዋ እንደ ሌላው ተራራ፣ ወንዟም እንደ ሌላው ወንዝ ነው። ከሌሎች የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ወቅት የሚገባው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ «በጋ ገብቷል» ካልተባለ ፀሐዩ ቢከርርም በጋ አይባልም። «ክረምት ገብቷል» ካልተባለ ደግሞ ጎርፍ በር ቢያንኳኳም ክረምት አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በቀደመው ዘመን አንድ ነጋሪት መቺ የክረምቱን አዋጅ ሊያሰማ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ከሰማይ ወርዳ አፍንጫው ላይ አረፈች። መኳንንቱ ይህን አይተው ተመካከሩና «ዝናቡን የጠራው ነጋሪቱ ነው» ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲያ ሊቀ ወቅት የሚባል ሹመት ተፈጠረ። ሊቀ ወቅት የተሾመ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ አያይም፤ ሰማይ ማየት የተራ ሰው ሥራ ነው። እሱ የሚያየው መዝገቡን ነው።

በዚህች አገር፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ግርጌ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ከባሏ ከአሻግሬ ጋር ትኖር ነበር። አሻግሬ የሣር ጣራ ከዳኝ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ቁጥብ። ትርንጎ ግን ሳቋ ከሦስት አጥር ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። በጓሮዋ አሥራ አንድ እንስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሯት። እያንዳንዷን በመልኳ ትጠራታለች፤ ገብስማዋ፣ ወሰራዋ፣ ጉትዬዋ፣ አንገተ መላጣዋ።

ስለ ዶሮ የምታውቀውን የተማረችው ከዶሮ ነው። በሐሩር ወራት ውሃቸውን ከግራዋው ጥላ ሥር በገል ታኖርላቸዋለች፤ እንዳይሞቅባቸውም በቀን ሦስቴ ትለውጠዋለች። ውርጭ ሲመጣ የዶሮ ቤቱን የታችኛውን ሽንቁር በጭቃ ትደፍናለች፤ የላይኛውን ግን ክፍት ትተወዋለች። «ዶሮን ብርድ አይገድላትም» ትል ነበር፣ «የገዛ ትንፋሿ ቤት ውስጥ ታምቆ እርጥበት ሲሆን ነው የሚገድላት።» ጫጩት በሚፈለፈልበት ወር ጭልፊት እንዳይነጥቅባት ትልቅ ቅርጫት ትደፋባቸዋለች። ክረምት ሲቃረብ ቆጡን ከፍ ታደርጋለች፣ በዙሪያው ቦይ ትቆፍራለች፣ ገለባውን ትለውጣለች። የምድጃዋን አመድ አንድ ጥግ ላይ ትቆልልላቸዋለች፤ እነሱም እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ያራግፉበታል። በሩን ደግሞ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ትቀረቅራለች፤ ሽለምጥማጥ ሰዓት አክባሪ አይደለምና።

እንዲህ ተይዘው ዶሮዎቹ ይወፍራሉ፣ ይጥላሉ፣ ያንቃቃሉ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ ድንገት እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ «ወደ ትርንጎ ሂዱ» ይባላል። እሷም እንቁላሉን በገለባ ጠቅልላ ትሰጥና «አራሷን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በሉልኝ» ትላለች።

እንግዲህ ለዶሮ ቤትም ሕግ ነበር። በጋ ከታወጀ የዶሮ ቤት ጣራ ይነሣል፤ ዶሮዎችም ፀሐይን ማመስገን አለባቸው ይላል ሕጉ። ክረምት ከታወጀ ጣራው ይመለሳል። ለዘመናት አዋጁና ሰማዩ በአምስት ቀን፣ ቢበዛ በሳምንት ቢለያዩ ነበርና ሰዉም ዶሮውም ቻለው።

በዚያ ዓመት ግን በጋው አላልቅ አለ። ደመናው ጠቆረ፣ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ሽቅብ ተሰደደ፣ የትርንጎ ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ከጅራታቸው ሥር በሚያወጡት ዘይት ላባቸውን በመንቁራቸው እየቀቡ ዋሉ፤ ነጋሪቱ ግን ዝም አለ። በመጨረሻ ዝናቡ ትእዛዝ ሳይጠብቅ መጣ። መጣ ስላችሁ እንደ እንግዳ ጉሮሮውን ጠርጎ አልነበረም፤ በር ሰብሮ ነው የገባው። በሦስተኛው ቀን አዋጅ ነጋሪው ውሃ ከቆቡ እየተንጠባጠበ አደባባይ ወጣ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» አለ። «አሁንም በጋ ነው። ከሰማይ የሚወርደው የበጋ ጤዛ ነው። ጤዛውን ዝናብ ብሎ የጠራ ሰው ዶሮዎቹ ይወረሳሉ፤ እሱም ለአንድ ዓመት ከቀዬው ይወጣል! የበጋ ሥርዐት ይጠበቅ! የዶሮ ቤት ጣራ አይከደን፣ ዶሮ ወደ ሰው ቤት አይግባ! ከፀሐይ ሐሩር ለመከለል ግን ለሰውም ለንብረትም ባርኔጣ ተፈቅዷል!» ይህን ብሎ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሰዉን ንግግር ብትሰሙ! ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ጤዛው እንዴት አደረ?» ይባባላሉ። «ዛሬስ ነጎድጓድ ያለው ጤዛ ነው።» «ወንዙ በጤዛ ሞልቶ አላሻግር አለኝ።» አንዱ ምስኪን ገበሬ እያለቀሰ «በቅሎዬን ጤዛ ወሰዳት» ሲል ሰዎቹ ማዘን እየተገባቸው ሳቅ አፈናቸው።

ዶሮዎች ግን ቃል አያውቁም። ክዳን የሌለው ቆጥ ላይ ተኮልኩለው ይርሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያስነጥሳሉ። የትርንጎ አንገተ መላጣ ቀይ አንገቷን ክንፏ ሥር ቀብራ አልነሣም አለች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ አያ ጓንጉል ጋቢያቸው ውስጥ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ገልጠው አሳዩአት። ገና ነፍስ ያላት ቀይ ዶሮ ነበረች።

«ዘጠኝ ነበሩ» አሉ። «ስምንቱን ቀበርኳቸው። ይህችን እንኳ… እኔ እንጃ ልጄ፣ አንቺ እጅሽ ይሻላል ብዬ ነው።»

ትርንጎ ቀይዋን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት። የሳቋ ሴት ያን ጠዋት አልሳቀችም። ዶሮዋ በስስ አጥንቷ ስትንቀጠቀጥ የራሷም ልብ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም መንቀጥቀጡ ወደ ንዴት ተለወጠ። ወደ ባሏ ዞረች። አሻግሬ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሥራ እንደፈታ ከዳኝ፣ የደረቀ ሣር በጣቱ እየገመደ ነበር።

«ሣሩን አንሣ» አለችው።

«ለምን?»

«ለዶሮ ቤቱ።»

አሻግሬ ደነገጠ። «አንቺ ሴት! ከዳኝ ነኝ እንጂ እብድ ነኝ እንዴ? አዋጁን አልሰማሽም? ጣራ አይከደንም ተብሏል እኮ!»

«ጣራ መቼ አልኩህ? ባርኔጣ ሥራልኝ።»

«ለማን?»

«ለዶሮ ቤቱ ነው የምልህ። ለሰውም ለንብረትም ተፈቅዷል አላለም? ንብረቴ ሐሩር ላይ ነው፤ ባርኔጣ ያስፈልገዋል።»

አሻግሬ ሰማዩን አየ፤ መብረቅ ብልጭ አለ። ሚስቱን አየ፤ እሷም ብልጭ ብላለች። አያ ጓንጉል አገጫቸውን ያዙና «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ ኋላ ነገር እንዳታመጡ» አሉ። አሻግሬ ግን ተነሥቶ ነበር። ለሁለት ወር ሥራ የፈታ እጅ ነውና፣ አንዴ ከጀመረ ማን ይያዘው! ሾጣጣ አናት አወጣለት፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ሰፊ ክፈፍ አደረገለት፣ በወገቡ ዙሪያ የገመድ መቀነት አሰረለት። ንፋስ እንዳይወስደው በግራና በቀኝ ማሰሪያ አውርዶ ከወለሉ ሥር፣ ልክ ከአገጭ ሥር እንደሚታሰር አድርጎ ቋጠረው። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየውና፣ እሱ ምላሰ ቁጥቡ፣ «አንድ ነገር ይቀረዋል» አለ። የአውራ ዶሮውን የወደቀ የጅራት ላባ አንሥቶ አናቱ ላይ ሰካለት። ያን ጊዜ ትርንጎ ሳቀች። ሳቋን ከሦስት አጥር ማዶ የሰሙ ሁሉ «እሰይ፣ ትርንጎ ድናለች» አሉ።

ዶሮዎቹ ደረቅ ገለባ ሲረግጡ መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ገብስማዋ ላባዋን አራገፈች፣ ወሰራዋ ቆጡ ላይ ወጣች፣ የአያ ጓንጉል ቀይም ከአንገተ መላጣዋ ጎን ተለጥፋ ዐይኗን ጨፈነች።

ሦስት ቀን ሳይሞላ የጣራ መርማሪው መጣ። ባሻ ቢያድግልኝ ይባላል። በብብቱ በቆዳ የተጠቀለለ መዝገብ ይዟል፤ መዝገቡ ደረቅ፣ ባሻው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የራሰ ነበር። የዶሮ ቤቱን ሦስቴ ዞረውና ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባርኔጣ ነው ባሻ።»

«ጣራ ይመስላል።»

«ጣራ ቢሆን ኖሮ ላባ ይሰካበት ነበር? እርስዎ ላባ የተሰካበት ጣራ አይተው ያውቃሉ?»

ባሻ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ስለ ላባ የሚል አንቀጽ አላገኘም። «ማሰሪያ አለው?» ሲል ጠየቀ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አሳየችው። «ከምን ይከልላል?»

«ከፀሐይ ነዋ!» አለች፣ የአፍንጫዋን ውሃ በእጇ ጠርጋ። «ያቃጥላል እኮ።»

«ያቃጥላል» አለ ባሻ፣ እየተንቀጠቀጠ። ብዕሩን አውጥቶም «አንድ ባርኔጣ፣ ከነማሰሪያው፣ የዶሮ ቤት የሚያደርገው» ብሎ ጻፈ። መዝገቡን ዘጋ፤ ግራና ቀኙን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ሰው ልጠይቅሽ» አለ። «ሣሩን በስንት ድርብ ነው ያደረጋችሁት?»

«በሦስት። ባሻም ዶሮ አለዎት እንዴ?»

«ሰባት። ጣራቸውን ራሴ አነሣሁ፤ ለሰው ምሳሌ መሆን አለብኝ ተብዬ። ሲብስባቸው ከአልጋዬ ሥር ደበቅኳቸው። ትናንት አንድ ነገር ሲያስነጥስ ሚስቴ ‹አንተ ነህ ወይስ ጥቁሯ?› አለችኝ። እኔም አላወቅሁትም።»

ትርንጎ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልተቻላትም። ባሻም አብሯት ሳቀ። ከዚያ አሻግሬን ይዞት ሄደና ለራሱ ዶሮ ቤት ባርኔጣ አሠራ፤ መዝገቡ ላይም አሰፈረው።

መርማሪው ራሱ ካደረገው ማን ይቀራል? በሳምንት ውስጥ መንደሩ በሙሉ ባርኔጣ በባርኔጣ ሆነ። አሻግሬ ከቤት ቤት እየተጠራ መብላት እንኳ ረሳ። አንዷ የቀይ ክር ዘርፍ አደረገችበት፣ ሌላው ክፈፉን እንደ ፈረሰኛ ወደ አንድ ጎን አጎበጠው፣ ምራትና አማት የሆኑት ሁለት ሴቶች ደግሞ የማን ይበልጣል ተባብለው የዶሮ ቤታቸው ባርኔጣ ከሰው ቤት በለጠ። ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሲታይ ጓሮዎቹ ለገበያ የወጡ አዛውንቶች ይመስሉ ነበር። ዶሮዎቹ ደረቁ፣ ሞቁ፤ ጠዋት ጠዋት ገለባው ውስጥ የሞቀ እንቁላል መገኘት ጀመረ።

ባርኔጣ ያልደረሰው አንድ የዶሮ ቤት ብቻ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ። እሱ ለአገር አርአያ ነውና ክዳኑ ተነሥቶ እንደተገለጠ ቀረ። እዚያ ደግሞ ነጩ የንጉሡ አውራ ዶሮ አለ። በዚያች አገር ደንብ ነጩ አውራ ዶሮ ካልጮኸ ቤተ መንግሥት አይነጋም፤ ካልነጋ ችሎት የለም፣ ቁርስ የለም፣ ደጅ አይከፈትም። አውራው ርሶ ርሶ ድምፁ ተዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤተ መንግሥቱ ሳይነጋ ዋለ። አሽከሮች በእኩለ ቀን በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ «እሽ! ገና ሌሊት ነው» ይባባሉ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሊቀ ወቅት ተድባቡ መላ ጠፋበትና ባሻ ቢያድግልኝን ጠርቶ «ዶሮ የሚያክም ሰው ታውቃለህ?» አለው። ባሻም ትርንጎን በዝናብ ውስጥ እያጣደፈ አመጣት። ሊቀ ወቅቱ በር ላይ ተቀብሎ በጆሮዋ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ዶሮውን አድኚ፣ አፍሽን ዝጊ» አላት።

አዳራሹ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ትርንጎ ነጩን አውራ ታቅፋ ምድጃው ዳር ቁጭ አለች። ላባውን በነጠላዋ አደረቀችው፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ አዳመጠች፣ ፌጦ ወቅጣ በሎሚ አርሳ ጠብታ ጠብታ አጎረሰችው። ይህን ስታደርግ ከጓዳ አንድ ሽማግሌ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ንጉሡ ነበሩ።

«አትነሺ፣ አትነሺ» አሉ። «ደግሞ አልነጋም ብለው እንዳያስተኙኝ ነው የመጣሁት። ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ጎኔ አለቀ። ምን ሆኖ ነው ዶሮው?»

«በደስታ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ሊቀ ወቅቱ ፈጥኖ።

ንጉሡ ትርንጎን አስተዋሏት። ከቀሚሷ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ምንጣፉ ላይ ተጠራቅሟል። «አንቺስ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ላብ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። እርስዎን ለማየት ጓጉታ ስትሮጥ መጥታ ነው።»

ንጉሡ ጎንበስ ብለው የነጠላዋን ጫፍ ነኩት። «ላብሽ ይቀዘቅዛል» አሉ። በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡና እንደ ጎረቤት አወጓት። «እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ከሕዝቡ ነሽ። እጃቸውን አያማቸውም?»

«እጃቸውን፣ ንጉሥ ሆይ?»

«ይኸው ስንት ሳምንት ሙሉ ጣራዬ ላይ ጭብጨባ እሰማለሁ። ሕዝቡ ነው የሚያጨበጭብልዎ አሉኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን አሳዘኑኝ፤ ሰው እንዴት ሳይበላ ሳይተኛ ያጨበጭባል? ሂጂና በቃችሁ፣ ገብቶኛል በያቸው።»

ሊቀ ወቅቱ ሳለ። ባሻ ቢያድግልኝ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ትርንጎ አሥራ አንዱን ዶሮዎቿን አሰበች፤ ባሏን፣ ቤቷን፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው አገር መንከራተትን አሰበች። «ጤዛ ነው» ብትል ሁሉም በሰላም ያልፋል፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአያ ጓንጉል ጋቢ ትዝ አላት፤ የተቀበሩት ስምንቱም። ቀና ብላም አጠገቧ ያሉትን ሰውዬ አየች፤ በማያውቁት ነገር ሲያዝኑ የከረሙ፣ ጉልበታቸውን የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርጋ ትዋሽ?

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «ጭብጨባ አይደለም። ዝናብ ነው።»

ከላይ ዝናቡ ያጨበጭባል።

«መዝግብ!» ብሎ ጮኸ ሊቀ ወቅቱ። «ቃሉን ተናግራለች፤ መዝግብ!»

ባሻ ቢያድግልኝ ብዕሩን አወጣ፣ አየው፣ መለሰው። «ጌታዬ» አለ፣ «ቀለሙን ጤዛ አጥቦታል። አልጽፍ ብሎኛል።»

ንጉሡ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ሲስቡት ግራጫ ብርሃንና የእርጥብ አፈር ሽታ አብረው ገቡ። መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን አወጡ፤ ውሃ መዳፋቸው ላይ ሞላ። ከዚያ ሳይዞሩ «ክረምቱ እንዳይታወጅ ያዘዘ ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ ንጉሥ ሆይ።»

«መቼ?»

ሊቀ ወቅቱ መዝገቡን ገልጦ እየተንተባተበ አነበበ፤ «በዕለተ ረቡዕ፣ ንጉሡ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ ሳሉ ‹ኧረ ምነው ዘንድሮስ ክረምት ባይመጣብኝ› ሲሉ አዘዋል።»

«ያ እኮ ትእዛዝ አይደለም!» አሉ ንጉሡ። «ማቃሰት ነው!»

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት። ልትይዘው ብትሞክርም ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣባት። ቀጥሎ ባሻ፣ ቀጥሎ በር ጠባቂዎቹ፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እቅፏ ውስጥ ያለው ነጩ አውራ በጫጫታው ተደናግጦ አንገቱን አወጣ፤ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ፣ ከአውራ ዶሮ ይልቅ የአሮጌ በር የሚመስል ድምፅም አሰማ። ለማንኛውም ጩኸት ነው። እኩለ ቀን ላይ ቤተ መንግሥቱ ነጋ፤ አሽከሮቹም እየተሯሯጡ ቁርስ አቀረቡ።

ንጉሡ ከቁርሱ በፊት ሊቀ ወቅቱን ጠሩት። «አንተ ለአንድ ዓመት የዶሮዎቼ ጠባቂ ሁን» አሉት።

«ንጉሥ ሆይ!» አለች ትርንጎ ደንግጣ። «ዶሮዎቹ ምን አጠፉ?»

ይህንንም ተቀበሏት። ሊቀ ወቅት ተድባቡ ለአሻግሬ ሣር ተሸካሚ እንዲሆን ተፈረደ፤ እርጥብ ሣር ከመዝገብ ምን ያህል እንደሚከብድ ትከሻው እንዲማር። ሹመቱን ግን ንጉሡ ለትርንጎ ሊሰጧት አሰቡ። «አንቺ ሊቀ ወቅት ሁኚ» አሏት።

ትርንጎ እጅ ነሣች። «ይቅርብኝ፣ ንጉሥ ሆይ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል እፈራለሁ። ከተሾምኩ እኔም መዝገብ ማየት እጀምራለሁ፤ ያን ጊዜ ዶሮዎቼን ማን ያያቸዋል? የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የየቤቱን ቆጥ ለየባለቤቱ ይተዉልን። ሲዘንብ እንክደን፣ ሲያባራ እንክፈት። ስንሳሳት ዶሮዎቹ ይነግሩናል።»

ንጉሡ «ይሁን» አሉ።

ትርንጎ ኮረብታውን ቁልቁል ስትወርድ ዝናቡ እንደጉድ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና ለራሷ ብቻ «ዝናብ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ደግማ ከፍ አድርጋ አለችው። አያ ጓንጉል በራፋቸው ላይ ቆመው ነበርና «ምን አልሽ ልጄ?» አሏት።

«ዝናብ ነው አያ ጓንጉል! ተፈቅዷል! ዝናብ!»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። «ዝ… ዝናብ» አሉ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ወርውረው መሐል ግቢ ወጡና በሰማንያ ዓመት ጉሮሯቸው «ዝናብ!» ብለው ጮኹ። ከጎረቤት አንዷ ሰማች፣ አስተጋባች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ግቢ ተቀበለ። ባለ በቅሎው ገበሬ ከደጁ ብቅ ብሎ «በቅሎዬን የወሰዳት ዝናብ ነው! ጤዛ አይደለም፣ ዝናብ ነው!» እያለ፣ እያለቀሰም እየሳቀም ዘለለ። ሴቶች እልል አሉ፤ ሕፃናት ኩሬ ለኩሬ ተራጩ። አሻግሬ፣ ያ ምላሰ ቁጥብ ሰውዬ፣ ከአንድ ጣራ አናት ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ሲጮህ ተሰማ። መንደሩ ሁሉ ርሶ፣ በአንድ ቃል ሰክሮ አመሸ።

ትርንጎ ቤቷ ስትደርስ የአያ ጓንጉል ቀይ ዶሮ ገለባው ውስጥ ተዘርግታ፣ እጇን ስትሰድ ላባዋን ነፍታ ቆጣ አለችባት። እንቁላል ልትታቀፍ ፈልጋለች። ትርንጎ ከየዶሮዎቿ የመረጠቻቸውን አሥራ ሁለት እንቁላሎች ከሥሯ ደርድራ፣ ቀይዋን ከእንቁላሎቹ ጋር በቅርጫት አድርጋ ለሽማግሌው ወሰደችላቸው። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ አያ ጓንጉል አጥር ለአጥር እየዞሩ «አሥራ አንድ ፈለፈለችልኝ! አንገተ መላጣም አለበት!» ሲሉ ዋሉ።

ክረምቱ በራሱ ጊዜ ወጣ። ሜዳው ቢጫ ሆነ፤ ትርንጎም የቆጧን ክዳን በአንድ በኩል ከፍታ ገለባውን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሹመት የሌላት ትርንጎ የንጉሡን ዶሮዎች ልታይ ኮረብታውን ትወጣለች። ንጉሡም በረንዳቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ «ዛሬስ ቀኑ እንዴት ነው?» አሏት። በፊት ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «እንደ እርስዎ ፈቃድ» የሚል ነበር።

ትርንጎ ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ላይ አነሣች። «ፀሐዩ አያታልልዎ፣ ንጉሥ ሆይ። ከሰሜን የሚነፍሰው ውርጭ አዝሏል። ጋቢዎን ይደርቡ።»

ንጉሡ ጋቢ አስመጡና ደረቡ። ትንሽ ቆይተው ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ሞቋቸው ነበር።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። እናንተ ደግሞ ወጉን ይዛችሁ ግቡና ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ማን ያውቃል፣ ጠዋት እንቁላል ጥሎ ታገኙት ይሆናል።